ቡሬ የላሰችው መኪና

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ወረታ፣ ከቤቴ በር ላይ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ቆመ። አሮጌ ነው፤ ቀለሙ ግን አዲስ ነው። ሰማያዊ። የቀለሙ ሽታ ጓሮዬ ድረስ ገብቶ ራሴን አመመኝ። ታናሹ ልጄ ዳዊት ሊገዛው ነው። ገዝቶም ራሱ ሊነዳው፣ ከወረታ ሩዝ እየጫነ ወደ ደብረ ታቦር ሊመላለስበት ነው። ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሲወጡት መኪናውን ይፈትናል፤ ሲወርዱት ደግሞ ሰውዬውን።

ወንዶቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዙሪያውን ይዞሩ ጀመር። አንዱ ጎማውን በእርግጫ መታ። ሌላው በሩን ከፍቶ ዘጋና «ድምፁ ደህና ነው» አለ። ድንቄም ድምፅ! ቅዳሴ ሊያስቀድሱት ነው እንዴ? የዳዊት የልብ ጓደኛ ሰሎሞን ይባላል፤ ሻጩ የእሱ አባት ነው። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። ፈገግ ብቻ ይላል። ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ያየ አንድም ሰው የለም። ጎንበስ ማለት ሻጩን መጠራጠር ነዋ! መጠራጠር ደግሞ ነውር ነው። ገደል መግባት ግን ነውር የለበትም።

እኔ ደጃፌ ላይ በርጩማ አውጥቼ ሽንኩርት እየላጥኩ አያቸዋለሁ። ያኔ ነው ቡሬ ትዝ ያለችኝ። ቡሬ ላም ናት። ነፍስ ይማር እንዳልል ላም ናት፤ ግን እስከ ዛሬ ካየኋቸው ሽማግሌዎች ሁሉ የተሻለ ፍርድ የሰጠችኝ እሷ ናት።

የተወለድኩት ቁሐር ሚካኤል ነው። አገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ የለውም። ክረምት ሲገባ ርብ ሞልቶ ይወጣና ሜዳው ላይ ይተኛል። ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ቀሚስ እስከ ጉልበት ሰብስቦ መሄድ ነው። ጥቅምት ላይ ውሃው ሲሸሽ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። የሩዙ አጨዳ የሚደርሰውም ከዚያ በኋላ ነው። የሽምብራውን እሸት ከነቅጠሉ ነቅለን ስንበላ ጣታችን ጨው ጨው ይል ነበር። እናቴ «ሆዳችሁን ይነፋችኋል» እያለች ትጮኻለች፤ ማን ሰምቷት።

የአባቴ የአያ ገሠሠ ሀብት ከብት ነበር። የእኛ አገር ከብት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው፤ ግዙፍ፣ ረጋ ያለ፣ ሰው የሚንቅ ይመስላል። ከሁሉም ቡሬ ትብስ ነበር። ጨው ትወዳለች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በትኜላት ስትጨርስ ድንጋዩን እስኪያበራ ትልሰዋለች። ብዙ ዓመት ጨው ያበላኋት እኔ ስለሆንኩ አንገቷን አዘንብላ ስትልስ ምን እንዳገኘች ከሩቅ አውቅ ነበር። ጨው ብረት እንደሚበላም የተማርኩት እዚያው ቤት ነው። እናቴ የከብቶቹን ጨው የምታስቀምጥበት የቆርቆሮ ጣሳ ክረምት በመጣ ቁጥር ታቹ ተበልቶ ይበሳ ነበር።

ወረታ ተምሬ፣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ወደ አገሬ ተመልሼ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ለአገሩ ደንብ ቆሜ የቀረሁ ነኝ። ምላሴ ረዥም ነው ተብሎ ፈላጊ ቀንሷል። እናቴ ጎረቤት ሲመጣ «እናኑ እኮ እጇ ለሥራ ጥሩ ነው» ትላለች፤ ስለ አፌ ግን ምንም አትልም።

እንግዲህ ወረታ ላይ እህል የሚነግድ ቢተው የሚባል ሰው ነበር። ያኔ «እርስዎ» እለው ነበር። ዛሬ አልለውም፤ የሚቀየም ካለ ይቀየም። ይህ ሰው ሞላ የሚባል ወንድ ልጅ ነበረው። ሞላ ጥቁር መነጽር ያደርጋል፤ ቤት ውስጥም አያወልቀውም። መኪና መንዳት አይችልም። ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ክንዱን በመስኮት ማውጣት ላይ ግን የሚስተካከለው አልነበረም። እኔን አንድ ቀን ገበያ ላይ አየኝና ወደደኝ አሉ። በዚያ መነጽር ምን እንደታየው እንጃ!

አማላጅ ሆነው የመጡት ጎረቤታችን አያ ፈንታ ናቸው። አያ ፈንታ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው በየዓመቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይሄዱ ነበር፤ በበቅሎ፣ እያቃሰቱ። ቢተው «ጋብቻው ከሆነ በየዓመቱ ከሹፌሩ ጎን አስቀምጬ ወንዛዬ አደርስዎታለሁ» ብሏቸው ኖሯል። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። የአንዲት ልጅ ዕድሜ ልክ በመኪና መቀመጫ! እሳቸው ግን ቤታችን መጥተው ሲናገሩ «ለልጅቱ አስቤ ነው» ነበር ያሉት፤ እንባም ቅርር ብሏቸው ነበር።

በእኛ ደንብ ሁለቱ ወገን ለልጆቻቸው እኩል ይጥላሉ። የወንዱ አባት በሬ ከሰጠ የሴቷም አባት በሬ ይሰጣል፤ ላም ከሰጠ ላም። ጥሩ ደንብ ነው፣ አልነቅፈውም። ጣጣው የመጣው ቢተው «እኔ ለልጄ የምሰጠው መኪናዬን ነው» ሲል ነው። ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። መኪና በስንት ከብት ይመለሳል? ቤታችን ተሰብስበው ሙሉ ቀን ተከራከሩ።

«መኪና እኮ እንደ ከብት አይታመምም» አለ ቢተው። «ሣር አይል፣ እረኛ አይል።»

«ናፍጣስ አይልም?» አልኩ እኔ ጠላ እየቀዳሁ።

እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። አያ ፈንታ ሳቅ አሉና «ልጅ ናት» ብለው አለፉት።

መጨረሻ ላይ አባቴ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው፣ ላሞቹን ከነጥጃቸው ሊሰጡ ተስማሙ። ቡሬ መጀመሪያ ተጠራች። ግቢያችን ሊራቆት ነው። እኔ ለሞላ፣ ከብቶቹም ለሞላ። አባቴ ይህን የሚያደርጉት ባለመኪና አማች አላቸው እንዲባል ነበር። አባቴን እወዳቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ናቅኋቸው፤ ልበለው እንጂ።

የሚጣል ከብት አስቀድሞ ይታያል። መኪናውም መታየት ነበረበት፤ ታኅሣሥ ላይ፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይዘውት መጡ። የጣሊያን ሥሪት ነው፣ ያረጀ ነገር ነው፣ ግን ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ተቀብቷል። ግንባሩ ላይ በቀይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ተብሎ ተጽፎበታል። ምኑ ሊቀናበት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሞላ ከሹፌሩ ጎን ወረደና ነጭ መሐረብ አውጥቶ የመብራቱን አቧራ ጠረገ።

የእኛ ሽማግሌዎች መኪና አይተው አያውቁም ማለቴ አይደለም። ዕቃቸውን ለገበያ ይጭኑበታል። ለጥሎሽ ግን መርምረው አያውቁም፤ ስለዚህ እንደ በሬ መረመሩት። አያ ፈንታ ጎኑን ቸብ ቸብ አደረጉ። አንዱ መብራቱን አይተው «ዓይኑ ጥሩ ነው» አሉ። አንዱ የጎማውን ቁመት በክንዳቸው ለኩ። ጡሩንባው ተነፋ፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እነዚህ እኮ በበሬ የማይታለሉ ሰዎች ናቸው! በሬ ቢሆን ምላሱን ጎትተው፣ ከንፈሩን ገልብጠው፣ የኮቴውን ሥር ሽተው ነበር። መኪናው ላይ ቆዳው ሲያበራ አዩና በቃቸው።

«ምን ሲጭን ኖረ?» ብለው ጠየቁ አባቴ። ያቺ ጥያቄ ደህና ጥያቄ ነበረች።

«እህል» አለ ቢተው። «ከእህል ሌላ ነክቶ አያውቅም። ንጹሕ እህል፣ አያ ገሠሠ።»

ሞላ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ንኪው እስቲ፣ መስታወት እኮ ነው» አለኝ። ነካሁት። እውነትም ፊቴ ታየኝ፤ የተኮሳተረ ፊት።

እንግዶቹ ወደ ቤት ገቡ። እናቴ የሽምብራ ዓሣ ሠርታ ነበር፤ በቀይ ሽንኩርት ቁሌት ያበደ። ጠላውም የጠራ ነው። ቢተው እየደጋገመ ይጎርስና «እንዲህ ያለ ቤት ነው የተዛመድኩት!» ይላል። ገና አልተዛመደም። ሞላ በመነጽሩ ውስጥ ሆኖ ዓሣውን ፍለጋ ወጡን ሲዳብስ አየሁት፤ የሽምብራ ዱቄት መሆኑን የነገረው አልነበረም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከብቶቹ ገቡ። ሞላ መኪናው እንዳይነካ ሊጠብቅ ወጥቶ ነበር፤ እኔም ጥጆቹን ላስር ወጣሁ። ከብቶቹ መኪናውን ሲያዩ ደነገጡ፣ ዞር ብለው አለፉት። ቡሬ ግን ቆመች። አሸተተች። ከዚያ ወደ ፊቱ ጎማ ሄደች፤ አንገቷን አዘንብላ ምላሷን ከጎማው ኋላ፣ ከቀለሙ በታች ሰደደችና ትልስ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ጊደሯ መጣች። ከዚያ ሌላዋ። ባንዳፍታ የመኪናው ግንባር በከብት ተሞላ፤ እየተጋፉ ነው የሚልሱት።

«ኧረ ላሚቱን! ኧረ ቀለሙን!» አለ ሞላ፤ መሐረቡን እያወናጨፈ። ቡሬ ሳትሸሽ አንድ ጊዜ ብቻ እፍ አለችበት። ዘሎ ከኋላዬ ተደበቀ። ባሌ ሊሆን የታሰበው ሰው ነው እንግዲህ! ከት ብዬ ሳቅሁ።

ወዲያው ግን ሳቄ ቆመ። እህል የጫነን ብረት ላም ተጋፍታ አትልስም። ይህ መኪና ዘመኑን ሙሉ ጨው ሲጭን ኖሯል። ጨው የጫነ ብረት ደግሞ ክረምቱን በዚህ ውሃ በሚተኛበት አገር ሲርስ፣ ያች የእናቴ ጣሳ የሆነችውን መሆኑ አይቀርም። ዞር ስል አባቴን አየኋቸው። ከበሩ ላይ ቆመው ቡሬን ይመለከታሉ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከዚያ ፊታቸውን መለሱና ወደ እንግዶቹ ገቡ።

ማጭድ አነሳሁ፤ ለሩዝ አጨዳ የምንይዘውን። በደረቴ ተንፏቅቄ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ሞላ «ምን ልትሆኚ ነው? ቀሚስሽ!» ይላል ከላይ። ስለ ቀሚሴ አሰበ!

ከላይ ሰማያዊ፤ ከሥር ሌላ አገር ነው። ባሌስትራ የሚሉት፣ የፊት ጎማውን ተሸክሞ የሚተጣጠፈው የብረት ድርብርብ፣ በዝገት አብጦ ቅጠሎቹ ተፈነቃቅለዋል። ላሞቹ የላሱት እሱን ነው፤ በየስንጥቁ ያዠው ውሃ ገና እርጥብ ነበር። ከዚያ ወደ ላይ ሻንሲው አለ፤ መኪናው ሁሉ የተቀመጠበት ወፍራም ብረት። ጥቁር ቀለም ለቅልቀውበታል። ቀለሙ ቋጥሮ ቋጥሮ እንደ ቁስል ቆሟል። በማጭዱ አንዱን ፋቅሁት፤ መዳፌን የሚያህል ቅርፊት ተነስቶ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ባሌስትራው ከሻንሲው የሚያያዝበት ቦታ ላይ ስመጣ ብረት የለም። ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልተው፣ በላዩ ስስ ላሜራ ለጥፈው፣ ቀብተውታል። ጭቃ ቤት የሚለስኑ መስሏቸዋል። የማጭዱን ጫፍ ተጫንኩት፤ ያለ ምንም ድምፅ ገባ። አንዱን ቅርፊት ምላሴ ላይ አስነካሁ። ጨው ነው።

በደረቴ እንደገባሁ በደረቴ ወጣሁ። አቧራ ለብሼ፣ በነጠላዬ ዝገት ተሸክሜ ገባሁና ከመሶቡ አጠገብ መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ጨዋታው ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አያ ፈንታ።

«መኪናው ነው» አልኳቸው።

ቢተው አልደነገጠም። እንዲህ ያለ ሰው አይደነግጥም። አንዱን ቅርፊት አንስቶ አገላበጠና ለሽማግሌዎቹ አሳያቸው። «ይኼማ ቅርፊቱ ነው። ብረት ሲቆይ ቆዳ ይጥላል። ቆዳ ሲጥል ውስጡ ይጠነክራል» አለ። እናንተ ሰዎች! ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ እኮ። አንዱማ «እባብም እንደዚያ ነው» አሉ።

«ጨው ጭኗል» አልኩ። «ቡሬ ልሳዋለች። ከሥር ተበልቶ አልቋል። ማጭዴ ገብቶበታል። የሙሽራ አጃቢ ጭኖ ሊሄድ ነው? ሰው ሊፈጅ ነው?»

«ሴት ልጅ በመኪና ሥር ምን አገባት?» አሉ አያ ፈንታ። ፊታቸው ቀላ። ወንዛዬ ከእጃቸው ልታመልጥ ነዋ።

ሞላ ደግሞ ከበሩ ላይ ሆኖ «ቀለሙን እኮ ጫረችው፣ አባባ» አለ። ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። እኔም ዞርኩ። የአባቴ እጅ ከጉልበታቸው ላይ አልተነሳም። መሬት መሬቱን እያዩ «ግቢ፣ እናኑ። እንግዶቹን አታስቀይሚ» አሉኝ።

ገባሁ። ምን ላድርግ? ከእናቴ ጋር ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ የሚሉትን ሰማሁ። ጋብቻው ለጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ተቆረጠ። ተመራረቁ። አያ ፈንታ ሲመርቁ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። እኔ የማለቅስ መስሏት እናቴ አቀፈችኝ፤ አላለቀስኩም፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እሷም ልክ መሆኔን ታውቃለች።

ሊሄዱ ሲነሱ ቢተው ሽማግሌዎቹን «ውጡ፣ እስከ አስፋልቱ ወስጄ መኪናዬን ላሳያችሁ» አለ። ወጡ። ከኋላ ቆሙ፣ እርስ በርስ ተያይዘው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። አያ ፈንታ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ ሞላ የሚቀመጥበት አጥቶ ከኋላ ወጣ። ሹፌሩ ከመጣ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰ ሰው ነበር። ሞተሩን አስነሳ።

ከግቢያችን እልፍ ብሎ የሩዝ ማሳውን ከጓያው የሚለይ ቦይ አለ። ጥልቅ አይደለም፤ በቅሎ ሳታስተውለው ትሻገረዋለች። መኪናውም ሲመጣ ባዶውን ተሻግሮታል። የፊት ጎማው ቦዩ ውስጥ ገባ። ሊወጣ ሲል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ግንድ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ መኪናው ቀስ ብሎ፣ በሬ ሊተኛ ሲል እንደሚያደርገው፣ በፊት እግሩ ተንበረከከ። ባሌስትራው ከሻንሲው ተገንጥሎ፣ የሻንሲው ግንባር ታጥፎ፣ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለው ጽሑፍ ጭቃ ውስጥ ገባ። ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች አንዱ ባንዱ ላይ ወደቁ። ደግነቱ የሞተም የተሰበረም የለም። አያ ፈንታ በሩን በርግደው ዘለው ወረዱ። ቁርጥማቱ ያን ቀን የት እንደሄደ እንጃ!

ሹፌሩ ወረደ። ጎንበስ ብሎ አየ። ተነስቶ ቁልፉን ለቢተው ሰጠውና ጭቃውን እየረገጠ፣ ዞር ብሎ ሳያይ፣ በእግሩ ወደ አስፋልቱ ሄደ። እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው። አውቆ ነው ሰው ጭኖ የተነሳው።

ያን የመሰለ ሀብት መንገድ ዳር ማደር የለበትማ! ቢተው ወደ አባቴ ተመለሰ፤ ኮቱ በጭቃ ተለውሷል። «አያ ገሠሠ፣ እባክዎ በሬዎቹን ይጥመዱልኝ» አለ። አባቴ ጠመዱለት። ለዚያ መኪና ምላሽ ይሰጡ ተብለው የነበሩት እነዚያው በሬዎች በጠፍርና በመጫኛ መኪናውን እየጎተቱ አስፋልት አወጡት። የታጠፈው ሻንሲ ጓያችን ላይ እስከ ዳር ትልም አወጣ። ቀና ትልም ነበር። ያ መኪና በዕድሜው የሠራው ቀና ሥራ ያ ብቻ ይመስለኛል።

በሬዎቹን ይዘን ስንመለስ አባቴና እኔ ብቻችንን ነበርን። የሚሰማው የበሬዎቹ ትንፋሽ ብቻ።

«ላሚቱ ስትልሰው አይቻለሁ» አሉኝ ድንገት።

«ሲያዩ አይቻለሁ፣ አባዬ።»

«ጨው እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እንግዳ በቤቴ ላዋርድ?»

«እኔስ?» አልኳቸው።

የአንዱን በሬ ሽንጥ ደጋግመው ዳበሱት። የዚያ በሬ ሽንጥ ምንም አልሆነም፤ ላብ ብቻ ነበረው። እኔ የምጠብቀው «ልክ ነበርሽ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች፤ እስከ ቤት ድረስ ጠበቅኋት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ጠበቅኋት። አልመጣችም። ሽማግሌዎቹ ሞኞች ነበሩ፣ ቢተው አጭበርባሪ ነበር፤ እነሱን መናቅ ቀላል ነው። አባቴ ግን ሞኝ አልነበሩም። አይተው ነበር።

ጋብቻው ሳይፈርስ ፈረሰ፤ ማንም ቀርቷል ብሎ የተናገረ የለም፣ ዝም ተባለ። እኔንም ያመሰገነኝ የለም። «በዓይኗ በላችው» ነው የተባልኩት። አያ ፈንታ ሰላምታ ነሱኝ፤ በበቅሎ ወንዛዬ ሲወርዱ በደጃችን እያለፉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ቢተው መኪናውን አስበይዶ፣ አሁን ደግሞ ቀይ አስቀብቶ፣ ለሩቅ አገር ሰው ሸጠው። የገዛው ማን እንደሆነ አላውቅም። አንዳንዴ ሳስበው ያ ሰው ልጆች ነበሩት ይሆን እላለሁ።

እኔ በኋላ ያገባሁት ሰው መኪናም ብዙ በሬም አልነበረውም። አፍ ግን ነበረው፤ ያየውን ይናገር ነበር። ነፍሱን ይማርና፣ ታናሹ ልጁ በእኔ አባት ወጣ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ደጃፌ ላይ ሽንኩርቴን ይዤ ይህ ሁሉ በሐሳቤ አለፈ። ቀና ስል ወንዶቹ ገና ይዞራሉ። የሰሎሞን አባት ገና ፈገግ ይላል። አንዱ «እንግዲህ ይመረቅ!» ማለት ጀምሯል።

«ላም አምጡልኝ» አልኩ።

«ምን አሉ፣ እማማ?»

«ላም። አንድ ላም።»

ተሳሳቁ። አረጀች ብለው ነው። ደግሞስ ላም ከየት ይመጣል? ሜዳው ሁሉ ሩዝና ሽንኩርት ሆኖ፣ እንደ ቡሬ ያለችውን ፈልጎ ማግኘትም ጣጣ ነው። እንግዲያውስ ብዬ ባዶ ጆንያ አነጠፍኩ፤ የሽንኩርት ቢላዬን ያዝኩ፤ ጉልበቴን እያቃሰትኩ ከመኪናው ሥር ገባሁ። «እማዬ! ሰው ያያል!» ይላል ዳዊት። ይየኛ! ልይ ብሎ የመጣ ሰው አይደል?

ከሥር ያው አገር ነው። ጥቁር ቀለም፣ የቋጠረ ቀለም፣ ያበጠ ባሌስትራ። ቢላዬን ላሳርፍ ስል ግን አንድ ነገር አየሁ። ባሌስትራው ከሻንሲው ከሚያያዝበት ላይ ሰው ቀድሞኝ ፍቆታል። ትንሽ ቦታ ነው። ፍቆ አይቶ፣ መልሶ ግራሶ ቀብቶበታል።

«ማን ነው ይህን የፋቀው?» አልኩ።

የዳዊት ጫማ ቀረበ። ጎንበስ አለ፣ ፊቱ ተገልብጦ ታየኝ። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ነኝ። አይቼዋለሁ፣ እማዬ» አለኝ። «ግን የሰሎሞን አባት ናቸው እኮ። ምን ብዬ…»

የዘንድሮ ልጅ፣ የተማረ ልጅ። ቃሉ ግን የአባቴ ቃል ነው። እዚያ ሥር ተንጋልዬ ዝገቱን አየሁት። ዝገት ላይ ቂም የለኝም፤ ጨውና ውሃ ሰጥተውት በላ፣ ምን ያድርግ? የጠላሁት አይቶ የሚቀባውን ነው። ልጄን ጠላሁት አልልም፤ እናት ነኝ። ግን ያን ጊዜ ናቅሁት፣ ከልቤ ናቅሁት። ፊቴ ላይ አየው መሰለኝ ቀና አለ።

«ተናገር» አልኩት። «ጮክ ብለህ። እስክትናገር አልወጣም።»

ከዚያ ሥር የሚታየኝ ጫማ ብቻ ነው፤ ሁሉም የተወለወለ፣ ሁሉም ወደ መኪናው የዞረ። ያች ለረዥም ዘመን የጠበቅኳት ቃል ከአባቴ አፍ ስትቀር የነበረው ዝምታ ይሄው ነበር። ከዚያ የዳዊት ጫማ ወደ ሰውዬው ዞረ።

«ጋሼ፣ ሻንሲው ተበልቷል፤ አይቼዋለሁ። አልገዛም» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ይንቀጠቀጥ።

እጁን ዘርግቶ አወጣኝ። ቀሚሴ ላይ የተራገፈውን ዝገት ሊጠርግልኝ መሐረብ ሲያወጣ እጁን ያዝኩት። በዚያው ቀሚስ፣ በነዚያ ሰዎች መሃል አልፌ፣ ሽንኩርቴን መላጥ ቀጠልኩ።